ሲልቨር ስፕሪንግን የከፈለው መስመር፦ የሊተንስቪል ጉዳይ

በሜሪላንድ ግዛት፣ በዋሽንግተን ዲሲ ጫፍ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖሩ ወይም ዘመድ ጥየቃ የመጣችሁ ሰዎች፣ አንድ ነገር ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? አፓርትመንቶቹ በጆርጂያ አቬኑ፣ በኮልስቪል ሮድ፣ በኢስት ዌስት ሀይዌይና በፓይኒ ብራንች ዳር ዳር ተደርድረዋል። ከዋናው መንገድ ሁለት ብሎክ ገባ ስትሉ ግን ከተማው በአንዴ ይለወጣል። ፎቅ የለም። ሣር፣ ትልልቅ ዛፍ፣ ጸጥ ያለ ነጠላ ቤት ብቻ። እዚህ ተከራይቼ ስኖር ይሄ የገበያ ጉዳይ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ገንዘብ ያለው ወደ ውስጥ ይገባል፣ የሌለው መንገድ ዳር ይቀራል፣ በቃ።

እንደዚያ ብቻ አይደለም። መስመሩ የተሠመረው አብዛኞቻችን ከመወለዳችን በፊት ነው። የተሠመረውም በሁለት ዓይነት ወረቀት ነው። አንደኛው የቤትና የመሬት ሽያጭ ውል ነው። ሁለተኛው መንግሥት ያወጣው የዞኒንግ ካርታ ነው፣ የትኛው መሬት ለምን እንደሚውል የሚደነግግ። የመጀመሪያው ሰውን በዘሩ ጠርቶ ይከለክላል። ሁለተኛው ዘር የሚል ቃል አይጠቅስም። ሁለቱ ተደጋግፈው የሠሩት ከተማ ግን ዛሬ እንጀራ የምንገዛበት፣ ልጅ ትምህርት ቤት የምናደርስበት ከተማ ነው። ይሄን ከማንም በላይ የሚያሳየው ደግሞ ብዙዎቻችን አጠገቡ እየኖርን ስሙን የማናውቀው አንድ ትንሽ ሰፈር ነው። ሊተንስቪል ይባላል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ምንጩ፣ ርስቱና ሐዲዱ

በ1840 ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌየር የተባለ፣ በዋሽንግተን ፖለቲካ ትልቅ ስም የነበረው የጋዜጣ ሰው፣ በዚህ አካባቢ በፈረስ ሲሄድ አሸዋው የሚያብረቀርቅ ምንጭ አገኘ ይባላል። "የብር ምንጭ" የሚለው የከተማው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ብሌየር መሬቱን ገዝቶ ሰፊ ርስት አደረገው። ሜሪላንድ ያኔ ባርነት የተፈቀደባት ግዛት ነበረች፣ ብሌየርም ባሪያዎች ነበሩት። ልጁ ሞንትጎመሪ ብሌየር ደግሞ ድሬድ ስኮት በባርነት ሳለ ነፃነቱን ለማግኘት ሲከራከር በጠቅላይ ፍርድ ቤት ጠበቃው የነበረ፣ በኋላም የፕሬዚዳንት ሊንከን የፖስታ ሚኒስትር የሆነ ሰው ነው። የአካባቢው ትልቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በእሱ ስም ይጠራል። በአንድ ቤት ውስጥ ባሪያ አሳዳሪና የባሪያ ጠበቃ። የዚህ አካባቢ ታሪክ ከመጀመሪያው እንዲህ የተቀላቀለ ነው።

በ1853 ሳሙኤል ሊተን የተባለ ነፃ ጥቁር ሰው 4 ኤከር ያህል መሬት ገዛ። ቀኑን እዩልኝ። በሜሪላንድ ባርነት የቀረው በ1864 ነው። ይህ ሰው ከዚያ 11 ዓመት ቀድሞ፣ ሕጉ እንደ እሱ ያለውን ሰው እንደ ንብረት በሚቆጥርበት ግዛት ውስጥ፣ የራሱ ንብረት ያለው ሰው ሆነ። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ሌሎች ጥቁር ቤተሰቦች በዙሪያው ሰፈሩ። ቤት ሠሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ተከሉ፣ በኋላም ለልጆቻቸው ትንሽ ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከዚያ ሰውዬ ነው።

በ1873 ከዋሽንግተን የሚወጣው የባቡር ሐዲድ በአካባቢው አለፈ። ሊተንስቪል ከሐዲዱ በስተምዕራብ ቀረ፣ ኋላ ዋናው ከተማ የሆነው ክፍል ደግሞ በስተምሥራቅ አደገ። በ1918 በሐዲዱ ላይ አንዲት ጠባብ ድልድይ ተሠራች፣ የታልበት አቬኑ ድልድይ። ብረቷ የመጣው ባቡር ማዞሪያ ከነበረ አሮጌ መድረክ ነው፣ ወለሏ እንጨት ነበር፣ መኪና በየተራ ነው የሚያልፍባት። ይህችን ድልድይ በልባችሁ ያዙልኝ።

በበር ሲከለከል በመስኮት

ስለ አሜሪካ የዘር መለያየት ሲወራ ብዙ ሰው ደቡቡን ነው የሚያስበው፤ አላባማን፣ ሚሲሲፒን። ዘርን በሰፈር የሚለይ የከተማ ሕግ በመጀመሪያ የወጣው ግን እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ባልቲሞር ነው። በ1910 ዓ.ም.። ሕጉ ነጮች በሚበዙበት ብሎክ ጥቁር ሰው ቤት ገዝቶም ተከራይቶም እንዳይገባ፣ ጥቁሮች በሚበዙበትም ነጭ እንዳይገባ ይከለክላል። ሌሎች ከተሞች ቶሎ ቀዱት። ከእነዚህ አንዷ የኬንታኪዋ ሉዊቪል ነበረች። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1917 ሕጉ ወደቀ።

የወደቀበት ምክንያት ግን ወሳኝ ነው። ፍርድ ቤቱ ትኩረቱን ያሳረፈው በሻጩ መብት ላይ ነበር፦ አንድ ሰው ንብረቱን ለፈለገው እንዳይሸጥ ከተማው ሊከለክለው አይችልም አለ። ታዲያ መንግሥት መከልከል ካልቻለ፣ ሻጮቹ ራሳቸው በውል ቢከለክሉስ? ገበያው መልሱን ለማግኘት ጊዜ አልወሰደበትም። በየሽያጭ ውሉ ላይ አንዲት አንቀጽ ማስገባት ብቻ ነው። እንዲህ ያለው አንቀጽ ከ1917 በፊትም ነበር፣ ከዚያ በኋላ ግን እንደ ጎርፍ መጣ።

ከዚያ 1926 መጣ። በዚያ በአንድ ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሁለት ውሳኔ ሰጠ። አንደኛው የዲሲ ጉዳይ ነው፣ ጎረቤታሞች ቤታቸውን ለጥቁር ላለመሸጥ የተፈራረሙት ውል። ፍርድ ቤቱ ይህ የግለሰቦች ስምምነት ስለሆነ ሕገ መንግሥቱ አይመለከተውም ብሎ ተወው። ሁለተኛው የኦሃዮዋ ዩክሊድ ከተማ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ከተማ መሬቱን በዓይነት ከፍሎ፣ እዚህ ፋብሪካ፣ እዚህ ሱቅ፣ እዚህ ነጠላ ቤት ብቻ ማለት ይችላል ተባለ። የውሳኔው ጸሐፊ ዳኛ በነጠላ ቤት ሰፈር ውስጥ የሚሠራን አፓርትመንት በሌላው ላይ ተጣብቆ ከሚኖር ጥገኛ ጋር አመሳሰለው። ዛሬ እኔና እናንተ የምንኖርበትን ፎቅ ማለት ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ እንደ ከተማ ማደግ የጀመረችው ልክ በዚህ ሰዓት ነው።

መሬቱም፣ ቧንቧውም፣ ሕጉም በአንድ እጅ

ኢ. ብሩክ ሊ ይባላል። በ1892 ተወልዶ በ1984 ነው የሞተው። ምንጩን ያገኘው የብሌየር ዝርያ ነው። ለረጅም ጊዜ "የዘመናዊት ሲልቨር ስፕሪንግ አባት" እየተባለ ይጠራ ነበር፣ ትምህርት ቤትም በስሙ ተሰይሞለታል። ሰውዬው ሦስት ነገር በአንድ ላይ ይዞ ነበር፣ ጉዳዩን ለመረዳት ሦስቱንም ማየት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ መሬት። በ1920ዎቹ እርሻ እየገዛ፣ ከቤተሰቡ ርስት ጋር እያያያዘ፣ እየሸነሸነ ለቤት ሠሪ ይሸጥ ነበር። ቀጥሎ ፖለቲካ። የሜሪላንድ ግዛት የሒሳብ ሹም ነበር፣ ከዚያ የግዛቱ ጸሐፊ፣ ከ1927 ጀምሮ ደግሞ የሕግ አውጪው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ (ካውንቲ ከግዛት በታች ያለ አስተዳደር ነው) ለብዙ ዓመት ያለ እሱ ፈቃድ የሚሆን ነገር አልነበረም ቢባል ማጋነን አይደለም። ሦስተኛው መሠረተ ልማት ነው። በ1918 የውሃና ፍሳሽ ኮሚሽን ተቋቋመ። በ1927 ደግሞ ሊ በሕግ አውጪው ገፍቶ የፓርክና የፕላን ኮሚሽን እንዲቋቋም አደረገ። ይህ ኮሚሽን ዛሬም አለ። የትኛው መሬት ለምን እንደሚውል የሚያጠናው እሱ ነው።

እስቲ አስቡት። መሬት የሚሸጠው ሰው፣ የፕላን መሥሪያ ቤቱን የወለደው ሰው፣ ሕግ የሚያወጣው ሰው፣ አንድ ሰው ነው። ሁሉም በግልጽ፣ በሕጋዊ መንገድ ነበር የተሠራው። ስለዚህ ነው ጠባሳው የጠለቀው።

እሱም ሆነ ሌሎቹ የአካባቢው አልሚዎች በሚሸጡት መሬት ውል ላይ የዘር ክልከላ ያስገቡ ነበር። አንቀጹ በአጭሩ እንዲህ ነው የሚለው፦ ይህ መሬት ከነጭ ዘር ውጪ ላለ ሰው አይሸጥም፣ አይከራይም፣ አይሰጥም። በአንዳንድ ሰፈር አይሁዶችም ይጨመራሉ። ብዙ ጊዜ ደግሞ አንድ ልዩ ፈቃድ ይከተላል፣ የቤቱ ባለቤት የቀጠራቸው የቤት ሠራተኞች ግን መኖር ይችላሉ ይላል። ማብሰል ትችላለህ፣ ልጅ ማሳደግ ትችላለህ፣ ጎረቤት መሆን ግን አትችልም። በዚያ ዘመን ከተጻፉት ውስጥ አንዱ ለ"ጤናና ንጽሕና" ሲባል፣ የሞት መጠኑ ከነጮች ለሚበልጥ ዘር መሬቱ እንዳይሸጥ ይላል። ይሄን ሳነብ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ሰውን ውሃና ሐኪም በሌለበት እንዲኖር ታደርገዋለህ፣ ከዚያ ቶሎ ስለሚሞት አጠገቤ አይምጣ ትላለህ።

አንቀጹ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ጠቃሚ ነው። ውሉ የሚመለከተው የመጀመሪያውን ገዢ ብቻ አይደለም። ከመሬቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። አንተ ብትሸጠው ገዢህን ያስረዋል፣ ገዢህ ቢሸጠው ቀጣዩን። ሮክቪል በሚገኘው የካውንቲው መዝገብ ቤት ይመዘገባል። አንድ ባለቤት ቀና ልብ ኖሮት ለጥቁር ቤተሰብ ልሽጥ ቢል ከጎረቤቶቹ ማንኛቸውም ፍርድ ቤት ሊያቆሙት ይችላሉ። ዳኛው ውሉን አስከብሮ ቤተሰቡን ያስወጣል። ስለዚህ መንደሩ ሁሉ የዘብ ሥራ ይሠራል ማለት ነው።

በ1934 የፌዴራል የቤት ብድር ዋስትና መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ያኔ ነገሩ ሌላ ደረጃ ደረሰ። ይህ መሥሪያ ቤት ብድሩን ዋስ ሲሆን ባንኩ አይፈራም፣ ቅድሚያ ክፍያው ዝቅ ይላል፣ ሞርጌጁ ለረጅም ዓመት ይከፋፈላል። ተራ ሠራተኛ ቤት ባለቤት መሆን የቻለው በዚህ ነው። ነገር ግን የመሥሪያ ቤቱ የግምገማ መመሪያ ዞኒንግ ብቻውን አይበቃም፣ የዘር ክልከላ ያለበት ውል ይመረጣል ይል ነበር። ስለዚህ አልሚው ባያምንበትም አንቀጹን ማስገባት ለኪሱ ይበጀው ነበር። በአንድ በኩል ነጭ ወጣት ባልና ሚስት በመንግሥት ዋስትና ቤት እየገዙ ሀብት ሲያጠራቅሙ፣ በሌላ በኩል ጥቁር ወጣት ባልና ሚስት ገንዘብ ቢኖራቸውም የሚገዙበት ቦታ አልነበረም።

ውጤቱን የሕዝብ ቆጠራው ይናገራል። በ1920 ሞንትጎመሪ ካውንቲ 35,000 ያህል ሰው ነበረው። በ1950 ከ164,000 በላይ ሆነ፣ በ1960 ደግሞ 341,000 ገደማ። በ40 ዓመት ውስጥ አሥር እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግን ከካውንቲው ነዋሪ ሲሶው ያህል ጥቁር ነበር። በ1960 ከመቶው 5 እንኳ አይሞላም። ጥቁሮቹ አልጠፉም፣ አብዛኞቹ የትም አልሄዱም። አዲስ የተሠራው ከተማ እነሱን ሳያስገባ በዙሪያቸው አደገ።

ከሐዲዱ ማዶ

አሁን ወደ ሊተንስቪል እንመለስ።

ከድልድዩ በስተምሥራቅ ያለው ሰሜን ዉድሳይድ የሚባል ሰፈር ነው፣ ውሎቹ ላይ የዘር ክልከላ ነበረባቸው። በስተምዕራብ ሊተንስቪል አለ። በመካከላቸው ያለው ሐዲድና አንዲት የእንጨት ወለል ድልድይ ብቻ ነው። በእግር ጥቂት ደቂቃ። ግን ሁለት ዓለም።

በምሥራቁ አስፋልት ነበር። በምዕራቡ መንገዱ ዝናብ ሲዘንብ ጭቃ፣ በጋ ሲሆን አቧራ ነበር፣ እስከ 1960ዎቹ ድረስ። በምሥራቁ የ1918ቱ ኮሚሽን የዘረጋው የቧንቧ ውሃና ፍሳሽ ነበር። ሊተንስቪል ውስጥ ብዙ ቤተሰብ በጉድጓድ ውሃና ከቤት ውጪ ባለ ሽንት ቤት ነበር የሚኖረው፣ ይሄም እስከ 1960ዎቹ ዘልቋል። ሰው ጨረቃ ላይ ሊወጣ በተቃረበበት ዘመን፣ ከአሜሪካ ዋና ከተማ ወሰን ጥቂት ማይል ርቀት ላይ ማለት ነው። የቧንቧ ጉዳይ የገንዘብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቧንቧ የት እንደሚደርስ ሰዎች ተቀምጠው ይወስናሉ። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ሊተንስቪል ወንበር አልነበረውም።

የሰፈሩ ልጆች በ1917 በተከፈተው ሊንደን በተባለ ትንሽ የጥቁሮች ትምህርት ቤት ይማሩ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ በአቅራቢያው በብሌየር ስም የተጠራው ትምህርት ቤት በ1935 ተከፍቷል፣ ግን ለነጭ ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ሮክቪል መሄድ ነበረባቸው። ድልድዩን ተሻግረው ሲልቨር ስፕሪንግ ለሥራ ይመጣሉ፣ ሱቅ ይገባሉ፣ ገንዘባቸውን ይቀበሏቸዋል። ምግብ ቤት ቁጭ ብሎ መብላት ግን ሌላ ነገር ነበር። ካውንቲው በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች አድልዎን የሚከለክል ሕግ ያወጣው በ1962 ነው። ስለዚህ ያቺ ድልድይ ለአንዳንዱ አቋራጭ መንገድ ስትሆን ለሊተንስቪል ሰው ግን መውጫም መግቢያም ነበረች።

ዞኒንጉስ? እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው ወረቀት የሚመጣው። በሰፈሩ ጫፍ ያለው ብሩክቪል ሮድ ለኢንዱስትሪ ተመደበ። ጋራዥ፣ መጋዘን፣ የኮንትራክተር ግቢ፣ የውሃ ኮሚሽኑ ዴፖ፣ የካውንቲው አውቶቡስ ማደሪያ፣ ሁሉም እዚያ ገባ። ከተማ እነዚህን የሆነ ቦታ ማስቀመጥ ግድ ይለዋል፣ አልክድም። ግን የሆነው ቦታ ሁልጊዜ ያው የአንድ ሕዝብ ጓሮ ሲሆን ጥያቄው ሌላ ነው። በምሥራቁ ያለውን ነጠላ ቤት ከሱቅና ከፎቅ የሚጠብቀው ካርታ፣ በምዕራቡ ያለውን ነጠላ ቤት ከጭነት መኪና አልጠበቀውም።

ሊተንስቪል ብቻውን አልነበረም። በዚያው ካውንቲ ስኮትላንድ፣ ኬንጋር፣ ቶቢታውን የሚባሉ ነፃ የወጡ ሰዎች የመሠረቷቸው ሰፈሮች አሉ፣ ታሪካቸውም ይመሳሰላል። እዚህ አልዘረዝራቸውም፣ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻለ ጽሑፍ ይገባቸዋል።

ቃሉ ሲፋቅ

በ1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች እንደዚህ ያለውን ውል ማስፈጸም አይችሉም ብሎ ወሰነ። በዚያው ቀን የዲሲን ተመሳሳይ ጉዳይም ወሰነ። ትልቅ ድል ነበር። ግን ውሳኔው አንቀጹን መጻፍ አልከለከለም፣ ፍርድ ቤት አያስከብረውም ነው ያለው። የቤት ደላላው፣ ባንኩ፣ አከራዩ በቃል እንደ ቀድሞው ቀጠሉ። በ1966 የዲሲ አካባቢ ወጣቶች ቡድን በከተማ ዳር ያሉ አፓርትመንቶች ለጥቁሮች እንዲከፈቱ ዘመቻ አደረገ። ዋሽንግተንን የሚከብበውን 66 ማይል የቤልትዌይ መንገድ በእግር ዞሩት። ያ በየቀኑ ትራፊክ የሚያማርረን መንገድ ማለት ነው። የፌዴራሉ የቤት መብት ሕግ የወጣው በ1968 ነው፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በሳምንቱ።

ከዚያ በኋላ ዘር ብሎ መከልከል ሕገ ወጥ ሆነ። ካርታው ግን በቦታው ነበር። ለምሳሌ አር 60 የሚባለውን የዞኒንግ ምድብ እንውሰድ። በዚህ ምድብ አንድ ቤት ለመሥራት ቢያንስ 6,000 ስኩዌር ፊት መሬት ያስፈልጋል፣ በእኛ አነጋገር 560 ካሬ ገደማ። አር 90 ደግሞ 9,000 ይጠይቃል። አፓርትመንት አይፈቀድም። አንድ ትልቅ ቤት ለሦስት ቤተሰብ መክፈልም አይቻልም ነበር። እንግዲህ አስቡት። ለ40 ዓመት በዘርህ ምክንያት ቤት ገዝተህ ሀብት እንዳታጠራቅም ተደረግህ። ከዚያ "አሁን ማንም መግዛት ይችላል" ተባለ፣ ነገር ግን በትንሹ የሚሸጠው ሙሉ ቤት ከነ 560 ካሬው ነው። ቃሉ ከውሉ ተፋቀ፣ ዋጋው የቃሉን ሥራ ወረሰ። እኔ ስለዞኒንግ ከሚነገረው ሁሉ የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው። ክፉ ሰው አያስፈልገውም። ማንም ምንም ሳያደርግ ይቀጥላል።

ሊተንስቪልስ? በ1970ዎቹ "የከተማ እድሳት" በሚል ፕሮግራም መንገዱ አስፋልት ሆነ፣ ውሃውና ፍሳሹ ገባ። ከዚያ ጋር አብሮ ግን ብዙ የቆዩ ቤቶች ፈረሱ፣ በቦታቸው አፓርትመንት ተሠራ። ለ100 ዓመት የጠበቁትን አገልግሎት ሲያገኙ የሰፈሩን መልክ አጡ። የተደሰተም ያለቀሰም ይኖራል፣ በሁለቱም መፍረድ አልችልም።

በጎ ነገርም ልናገር። ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ1973 በአሜሪካ ከቀዳሚዎቹ አንዱ የሆነ ሕግ አወጣ። 50 እና ከዚያ በላይ ቤት የሚሠራ አልሚ 15 በመቶውን መካከለኛና ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው በሚቻል ዋጋ እንዲያቀርብ ግዴታ ጣለ። ብዙ ሀበሾች በዚህ ፕሮግራም ቤት ገዝተዋል፣ ከመካከላችሁ የገባ እንደሚኖር እርግጠኛ ነኝ። መለያየትን በሕግ የሠራ ካውንቲ በሕግ ማፍረስም እንደሚችል ያሳየበት ጊዜ ነው። ቁጥሩ ግን ሁሌም ከሚፈልገው ሰው ያንሳል።

እኛ የመጣነው ወደየት ነው?

በ1978 የሜትሮው ቀይ መስመር ሲልቨር ስፕሪንግ ደረሰ። በዚያው ዘመን መሀል ከተማው እየቀዘቀዘ ነበር፣ ሱቆቹ ወደ ሞል ተከትለው ሄዱ፣ ኪራይ ረከሰ። የእኛ ሰዎች ከአብዮቱ በኋላ በስደተኝነት ዲሲ ሲገቡ መጀመሪያ አዳምስ ሞርጋን ነበሩ፣ ከዚያ ዩ ስትሪትና ዘጠነኛው መንገድ። እዚያ ኪራይ ሲወደድ በጆርጂያ አቬኑ ሽቅብ ወደ ሜሪላንድ መጡ። ለምን እዚህ? ሜትሮ አለ፣ አውቶቡስ አለ፣ አፓርትመንት አለ። አፓርትመንቱ ለምን እዚህ አለ? ካርታው እዚህ ብቻ ስለፈቀደው። ስለዚህ የፌንተን ጎዳና ሬስቶራንቶች፣ የቡና ቤቶቹ፣ የእንጀራ ሱቆቹ፣ የገንዘብ ላኪዎቹ መደዳ በአጋጣሚ እዚህ አልተሰበሰበም። በአንድ ወቅት ጥቁር ሰው እራት መብላት የማይችልባት ከተማ ዛሬ ክትፎና ሽሮ ከሚበላባቸው የአሜሪካ ከተሞች አንዷ ናት፣ ካውንቲው መረጃውን በአማርኛ ያወጣል፣ ከ2012 ጀምሮም ጎንደር እህት ከተማው ናት። ደስ ይለኛል፣ ከልቤ። ግን በሩ እንዲከፈት በቤልትዌይ ላይ የተጓዙት እኛ አልነበርንም። ይሄን ማወቅ ያለብን ይመስለኛል፣ በተለይ ከጥቁር አሜሪካውያን ጎረቤቶቻችን ራሳችንን ለይተን የምናወራ ሰዎች።

ያቺ ድልድይ በመስከረም 2018 100ኛ ዓመቷ ተከበረ። የሁለቱም ወገን ነዋሪዎች ተሰብስበው፣ አዛውንቶቹ ትዝታቸውን ተናግረው ነበር። በዓመቱ በ2019 ፐርፕል ላይን ለተባለው አዲስ ባቡር ሥራ ሲባል ተነሳች። የብረቷ ክፍሎች ለመታሰቢያ እንዲቆዩ ተደርገዋል፣ በቦታዋም ሰፋ ያለ አዲስ ድልድይ በ2022 ተከፈተ። በ2021 ደግሞ የኢ. ብሩክ ሊ ስም የነበረው ትምህርት ቤት ስሙ ተቀይሮ በኦዴሳ ሻነን ተሰየመ፣ በካውንቲው ለትምህርት ቦርድ በመመረጥ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት በነበረችው። የካውንቲው የፕላን መሥሪያ ቤትም የድሮ ውሎችን እያነበበ የትኛው ሰፈር ክልከላ እንደነበረበት በካርታ አውጥቷል። መሥሪያ ቤቱ ያው በ1927 ሊ ያስቋቋመው ነው።

በ2022 የጸደቀው የካውንቲው አጠቃላይ ፕላን ይህንን ታሪክ በግልጽ ይጠቅሳል። ከዚያ ወዲህ በነጠላ ቤት ሰፈር ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ቤተሰብ የሚይዝ ቤት ይፈቀድ አይፈቀድ በሚለው ላይ ከባድ ክርክር ሲደረግ ቆይቷል። የሚቃወሙት ሁሉ ዘረኛ ናቸው አልልም። የመኪና ማቆሚያው፣ የትምህርት ቤቱ መጨናነቅ፣ የዛፎቹ ጉዳይ እውነተኛ ስጋት ነው። ብዙ ሀበሻ የቤት ባለቤትም ከእነሱ ወገን ነው፣ ለፍቶ የገዛው ቤት ዋጋ እንዳይወርድ ይሰጋል። ግን "ሰፈራችን ሁልጊዜም እንዲህ ነበር" የሚለውን ክርክር ስሰማ ዝም ማለት ይከብደኛል። ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። እርሻ ነበር፣ ከዚያ በፊት ርስት ነበር፣ እንዲህ የሆነው ሰዎች ቁጭ ብለው ስለጻፉት ነው።

ሊተንስቪል ዛሬም አለ። ከጥንቶቹ ቤተሰቦች ልጆች አሁንም የሚኖሩ አሉ። በሰፈሩ ልጅ በግዌንዶሊን ኮፊልድ ስም የተሰየመው የማኅበረሰብ ማዕከል እዚያው ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። የፐርፕል ላይን ጣቢያም ይሠራለታል፣ ነዋሪዎቹ ባቡሩ ሲመጣ ኪራዩ እንዳይሰቀል ይፈራሉ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ሜትሮ ብዙ አይርቅም። ቅዳሜ ጠዋት ቡናችሁን ጠጥታችሁ ሂዱ። ከሰሜን ዉድሳይድ በኩል በታልበት አቬኑ ግቡ፣ አዲሱን ድልድይ በእግራችሁ ተሻገሩ፣ ከዚያ ወደ ብሩክቪል ሮድ ቁልቁል ተራመዱ። በግራም በቀኝም ያለውን እያያችሁ።